በአንድ ቀን የበቀለ ደን

ጭቃ ሹም ሆኜ በቆየሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት መንግሥት ከእኛ ምን እንደሚፈልግ በትክክል የገባኝ አንድም ቀን የለም። እሱም እኛ የምንፈልገው ገብቶት አያውቅም፤ ስለዚህ ተስማምተን ኖርን። እሱ ደብዳቤ ይጽፋል፣ እኔ አነብና ሳጥን ውስጥ አስቀምጣለሁ፣ ባለቤቴ የሺእመቤት ደግሞ ሳጥኑ ላይ የሊጥ ገንቦዋን ታስቀምጥበታለች። በዚህ ዓይነት ብዙ ነገር አልፏል።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት መግቢያ ላይ ከቢቸና የመጣው ደብዳቤ ግን ሳጥን የሚገባ አልነበረም። «የግጦሽ መሬታችሁን ጤንነት ለማወቅ የዛፎቹን ጥግግት የሚለካ ባለሙያ ስለሚመጣ አስፈላጊው ትብብር ይደረግለት» ይላል። ሰንበቴ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «የሚለካ» የምትለዋ ስትወጣ የሁሉም ዋንጫ ከአፉ ተመለሰ።

ለማያውቅ ልንገር። የእኛ አገር በቢቸናና በሞጣ መካከል ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በስድሳው ግርግር፣ መሬታችን ሊለካ ነው ተብሎ ዱር የገባን እኛ ነን። ግርግሩ ሲጀመር ሁለት በሬ ነበረኝ፣ ሲያበቃ አንድ። ከዚያ ወዲህ የእኔን ዳልቻ ከእትዬ ፋንታነሽ ቦራ ጋር እያቀናጀን አንድ ቀን የእሳቸውን፣ አንድ ቀን የእኔን እናርሳለን። እትዬ ፋንታነሽ በልጅነቴ ንፍጤን የጠረጉልኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ ያላቸው ቦራ ብቻ ነው። ዳልቻም ቦራም፣ የአገሩም ከብት በሙሉ የሚበላው ባዝራ ሜዳ ላይ ነው። ባዝራ ሜዳ ከተዘጋ በሬ የለም፤ በሬ ከሌለ የሚቀጥለውን መናገር አያስፈልግም።

ሜዳው ስሙን ያገኘው ከባዝራ ግራሮቹ ነው። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ አናታቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ማንም አልተከላቸውም፣ ማንም ቆጥሯቸው አያውቅም። እኛ አገር ከብትና ልጅ እንኳን አይቆጠርም።

ባለሙያው ጥቅምት አሥራ አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ከቢቸና በጭነት መኪና መጣ። እንድሪስ ይባላል፤ የወሎ ሰው፣ መነጽር ያደረገ፣ አጠር ያለ፣ ዕድሜው ሠላሳ የማይሞላ። ሽማግሌዎቹን ቤቴ ሰብስቤ ጠበቅሁት። ሰላምታውን ጨርሶ ቦርሳውን ሲፈታ መጀመሪያ የወጣው ገመድ ነው። ከጥግ የተቀመጠው ሰው ምንሽሩን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አደረገ።

«አቶ እንድሪስ» አልኩት፣ «ያን ነገር ወደ ቦርሳዎ ይመልሱት።»

«ገመድ እኮ ነው» አለ።

«ገመድ መሆኑንማ አይተናል።»

ምንሽሩን አየ፣ ገመዱን አየ፣ ገመዱን መለሰ። ከዚያ በትዕግሥት አስረዳን። አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። በአራቱም ማዕዘን ከሁሉ የቀረበውን ዛፍ ይመርጣል። ከቆመበት እስከ እያንዳንዱ ዛፍ ያለውን ርቀት ይለካል። ይህንኑ ሃያ ቦታ ላይ ይደጋግመዋል። ርቀቱ ካጠረ ዛፉ ተጠጋግቷል፣ ከረዘመ ሳስቷል። መሬት አይለካም፣ የማንንም ስም አይጽፍም፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው።

«ታዲያ በእርምጃ ይለካ» አለ አንዱ።

«በማን እርምጃ?» አለ ሌላው። ነገሩ እዚህ ላይ ተበላሸ። የእንግዳው እርምጃ የመንግሥት ነው ተባለ። የእኔ እርምጃ ደግሞ እንደ ፍላጎቴ ይረዝማል ያጥራል ተባለ፤ ይህን ያለው የገዛ አማቼ ነው። ሲጨቃጨቁ መሪጌታ አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪጌታ ቅዳሴ የሚገባበትን ሰዓት የሚለኩልን ሰው ናቸው፤ ፀሐይ ላይ ቆመው፣ ጥላቸውን ተከትለው፣ ተረከዛቸውን ከአውራ ጣታቸው እያጋጠሙ ጫማ በጫማ ይቆጥራሉ። ሠላሳ ዓመት በዚያ እግር ጾም ፈትተናል፣ ሬሳ ቀብረናል፣ አንድም ቀን አልተጣላንበትም።

«በእኔ ጫማ ይሁን» አሉ።

እንድሪስ ጥቂት አሰበና ጎንበስ ብሎ የመሪጌታን ባዶ እግር በማስመሪያ ለካ። ሃያ ስድስት ሳንቲሜትር ብሎ ጻፈ። ማንም አልተቆጣም፤ የመሪጌታ እግር ርስት አይደለም። እሳቸውማ እግራቸው መዝገብ ላይ በመግባቱ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው።

እኔ ደግሞ በግ አዘጋጅቼ ነበር። ለእንግዳ ክብር ነው ብል እዋሻለሁ፤ ቅልጥም የጋጠ ሹም ሲጽፍ እጁ ይለዝባል ብዬ ነው። ለካ እስላም ነው፤ እኛ ያረድነውን አይበላም፣ የሚያርድለት ደግሞ ከሞጣ ወዲህ የለም። ሽሮውን በላ፣ አመሰገነ፣ አእምሮው እንደተሳለ ተኛ። በጉም እኔን እያየ አመሰኳ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ሞጣ የሚያልፍ መኪና አገኘ። እዚያ የሚያደርሰው ወረቀት ስላለው ሄዶ በአሥራ ሦስት ጠዋት ተመልሶ ሊለካ ተስማማን። ገና መኪናው ከዓይን ሳይሰወር የሺእመቤት «ዛፉ ሲበዛ ነው ሲያንስ ነው ጤና የሚሉት? ምናለ ብትጠይቀው ኖሮ?» አለችኝ።

«መንግሥት ይጠየቃል እንዴ?» አልኳት። «ከጠየቅሽው ምን እንደምትፈሪ ያውቃል።»

እሷም ወደ ጓዳ ገባች። መግባቷን እንደ መረታት ቆጠርኩት። የኔ ነገር እንዲህ ነው።

ዕለቱ ሚካኤል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ዋርካው ሥር ተቀመጥንና መከርን። ከመካከላችን አንዱ አምበር ገበያ ላይ ከጨው ነጋዴ የሰማውን ነገረን፦ ዛፍ የሌለበት መሬት ሲያገኙ ባዶ ነው ብለው ይጽፉና ለባለ ትራክተር ይሰጡታል። ነጋዴው ከማን ሰማ፣ የት ሆነ፣ መቼ ሆነ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። የኛ ግራር ደግሞ የተራራቀ ነው፤ አሁን ሳስበው ዕድሜ ልኬን ሳየው የኖርኩት ሜዳ ያን ቀን መላጣ ሆኖ ታየኝ።

«እንሙላው» አልኩ።

ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ያን ጊዜ ኮርቼበት ነበር፣ ዛሬ አልክድም። ከግራሮቹ ወፍራም ወፍራም ቅርንጫፍ እንቆርጣለን፣ ጉድጓድ ቆፍረን እናቆማለን፣ አፈሩን እንረግጣለን። ለአንድ ቀን አይጠወልግም። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ከመኪናው መንገድ እስከ ጅረቱ ያለውን ጎን ብቻ እንሞላና ባለ መነጽሩን ወደዚያው እመራዋለሁ። ሰማንያ ጎጆ ነን፤ ለያንዳንዱ ስምንት ስምንት ግንድ።

«ሚካኤል ነው እኮ» አለ አንድ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው። ሁላችንም ወደ መሪጌታ ዞርን። መሪጌታ ጢማቸውን ይዘው ረጅም ጊዜ አሰቡ።

«በበዓል የተከለከለው እርሻ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የማይበቅል ነገር መትከል እርሻ አይባልም።»

እንዲህ ያለ ሊቅ ስላለን አምላክን አመስግነን መጥረቢያና ዶማ ልናመጣ ተበተንን።

እትዬ ፋንታነሽ በመንገዳቸው ሲያልፉ ትልቁ ግራር ላይ ወጥቼ ስቆርጥ አገኙኝ። ከሥሩ ቆመው ወደ ላይ አዩኝ።

«ባዘዘው፣ ይኸ ለበሬዎቹ ምን ይጠቅማል?»

«እትዬ፣ እርስዎ አይገባዎትም፤ የመንግሥት ነገር ነው» አልኳቸው ከቅርንጫፉ ላይ ሆኜ።

«ከዛፍ ላይ ወርደህ ብትነግረኝ ሊገባኝ ይችል ነበር» ብለው ሄዱ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስድስት መቶ አርባ ዛፍ አበቀልን። ከመንገዱ ዳር ቆሜ ሳየው እኔ ራሴ ልታለል ምንም አልቀረኝም። ወደ ኋላዬ ዞሬ የተቆረጡትን እውነተኞቹን ግን አላየሁም። ጀርባዬ ሆነው ተውኳቸው።

በአሥራ ሦስት ጠዋት እንድሪስ ከመኪናው ወረደ። ሜዳውን አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና መልሶ አደረገ። «እንጀምር» አለ። ሌላ አንድ ቃል አልተናገረም፤ እኔም በልቤ ሳቅሁበት።

እሱ ይቆማል፣ አራት ዛፍ ይጠቁማል፣ መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው ተረከዝ ካውራ ጣት እያጋጠሙ ይሄዳሉ። ዛፉ ዘንድ ሲደርሱ ቁጥሩን በግዕዝ ይጠራሉ። «ዕሥራ ወሠለስቱ!» ሃያ ሦስት። እንድሪስ ይጽፋል። ሕዝቡ በሩቁ ተከትሎ ይሄዳል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዛፉ እንደሚጠጋጋ ገብቶታልና ትንሽ ቁጥር ሲጠራ ይጠቃቀሳል። ሰባተኛው ቦታ ላይ የአማቼ አህያ መጥታ ወገቧን አንዱ ግንድ ላይ ማከክ ጀመረች። ግንዱ ዘመም አለ። አህያዋን በእርግጫ አባረርኩና የደከመኝ መስዬ ጀርባዬን ለግንዱ ሰጠሁት። ከዚያ መነቃነቅ አልቻልኩም። ቀሪውን አሥራ ሦስት ቦታ ሲለኩ ከሩቅ ሆኜ፣ እሾህ ጀርባዬን እየወጋኝ፣ ፈገግ እንዳልኩ ነበር የተመለከትኩት።

ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡ። እንድሪስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አባዛ፣ አካፈለ። ሕዝቡ ከበበው።

«በሄክታር ሁለት መቶ ሰማንያ ገደማ ዛፍ» አለ።

አንዲት ሴት እልል ልትል አፏን ስትከፍት በዓይኔ ገሠጽኳት።

«ያሳዝናል» አለ እንድሪስ ደብተሩን እያየ። «ይህ ግጦሽ በጠና ታሟል።»

«ምን ሆነና?» አልኩ።

«ዛፉ ከመጠን በላይ ተጠጋግቷል። በዚህ ርቀት ጥላው ሣሩን ይጨርሰዋል፤ ከብት የሚበላው አይኖርም። በመመሪያችን ይህ ግጦሽ መባሉ ቀርቶ ደን ሆኗል። ደን ውስጥ ደግሞ ከብት አይገባም። ከብቱ ይውጣ፣ ሜዳው ይዘጋ ብዬ ነው የምጽፈው።»

የመሪጌታ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። እኔ ግንዱን እንደተደገፍኩ «ግን እኮ...» አልኩ። ዛፉ የውሸት ነው ብል መንግሥትን አታለልን ማለት ነው። እውነት ነው ብል ደግሞ ዳልቻና ቦራ ረኃብ ላይ ናቸው።

እትዬ ፋንታነሽ ቦራን በገመድ ይዘው ከሰዉ መሐል ወጡ። ገመዱን ለአጠገባቸው ሰው ሰጡ፣ ወደ አንዱ ዛፍ ሄዱ፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነቀሉት። ሽንኩርት ከመደብ የመንቀል ያህል እንኳን አላስቸገራቸውም። አምጥተው እንድሪስ እግር ሥር ጣሉት።

«ይኸም በሽተኛ ነው?» አሉ።

እንድሪስ የተቆረጠውን ጫፍ በጣቱ ነካ። «የለም፣ ይህኛው ሞቷል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ። «ጠዋት መጀመሪያ የነካሁት ዛፍ ተወዛውዟል፣ አቶ ባዘዘው። ማን እንደሚነግረኝ ልጠብቅ ብዬ ነው። አሁን ከግንዱ ሊነሡ ይችላሉ።»

ተነሣሁ። ግንዱ ወደቀ። ለመሳቅ እንኳን የደፈረ አልነበረም።

እሱ ግን አላበቃም። ማንንም ሳይጠይቅ የውሸቱን ደን አልፎ ወደ እውነተኞቹ ግራሮች ሄደ፤ እኛም ተከተልነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ቀና እያለ ተመለከተ። ያን ጊዜ ነው እኔም ቀና ብዬ ያየኋቸው። አናታቸው የለም። ቁስላቸው ላይ ሙጫ ደርቋል። ከትናንት ወዲያ ሁለት መቶ ከብት የሚጠለልበት ጥላ ዛሬ አንድ ጥጃ አይሸፍንም። ሹም በሕዝብ ፊት አያለቅስም እንጂ አለቅስ ነበር።

«ይህን ማን ነው ያዘዘው?» አለ እንድሪስ።

ዝም። አገሬን የማውቃት በዚህ ነው። በግርግሩ ጊዜ በጥይት ሲጠየቅ አንድ ስም ያላወጣ ሕዝብ ነው። መሬት መሬት እያየ ቆመ። ኮራሁበት።

«ጥሩ» አለ እንድሪስ። «ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ቆርጠውታል ብዬ እጽፋለሁ። ያኔ ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል። ደን ጠባቂ ይላካል፣ ሜዳው ይዘጋል፣ መቼ እንደሚከፈት እኔም አላውቅም። ኃላፊነቱን የሚወስድ ሰው ካለ ግን፣ ሹሙ ተሳስቶ አስቆረጠ፣ ሕዝቡ ግን ራሱ ግማሹን እየከለለ፣ በግማሹ እያበላ ያስታምመዋል ብዬ ሐሳብ ማቅረብ እችላለሁ። ይቀበሉኛል። ያ ሹም ግን ሹም ሆኖ አይከርምም።»

ይህን ሲል ማንንም አላየም። ሁሉን እንደሚያውቅ ግን ገባኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። ከስድሳው ጥይት ይልቅ ይኸ አስፈራኝ። ጭቃ ሹምነት ምን አለው ትሉኝ ይሆናል፤ ደብዳቤ ማንበብና መሰደብ ነው። ግን ሰርግ ላይ መጀመሪያ የሚቆረሰው ለእኔ ነው። ስገባ ሰው ይነሣል። አባቴም ሹም ሳይሆን ነው የሞተው። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ሲነሣልህ ኖሮ፣ ነገ ማንም እንደማይነሣ እያወቅህ አፍህን መክፈት ቀላል አይደለም። ወደ ቦራ አየሁ። እሱ የወደቀውን ቅጠል እየበላ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሐሳቡም የእኔ፣ ትእዛዙም የእኔ።»

ከዚህ በኋላ የጠበቅሁትን ልንገራችሁ። አንድ ሰው ወደ ፊት ይወጣና «የለም፣ ሁላችንም ነን» ይላል ብዬ ነበር። አማቼ ወደ ፊት ወጣ።

«እሱ ነው» አለ። «እኛማ ተው ብለነው ነበር።»

«አዎ፣ እሱ ነው» አለ ባለ ምንሽሩ። «ስምንት ስምንት ብሎ የደለደለን እሱ ነው።»

«በዓል ነው ብዬም ነበር» አለ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው።

መሪጌታ አካለ ወልድ ሰማዩን እያዩ «የሰው ልጅ ምክር አይሰማ» አሉ። ለአንድ አፍታ ዶማ ይዤ አለመምጣቴ ቆጨኝ። ሕዝቤ ግርግር ላይ ሆኖ ያላወጣውን ስም በአንድ ጠዋት ሰባ ጊዜ አወጣው። እውነት ከተናገሩት አንዷ የሺእመቤት ነበረች፤ «ጠይቀው ብዬው ነበር» አለች ቀስ ብላ። በእሷ አልተቀየምኩም።

እንድሪስ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ። ሕዝቡ የውሸቱን ደን መንቀል ጀመረ፤ ማገዶ ነውና በማንም ሳይታዘዝ ተሻማበት። እትዬ ፋንታነሽ ቦራን ወደ ሣሩ ለቀቁትና በአጠገቤ ሲያልፉ «ነገ የኔ ተራ ነው፤ ዳልቻን በጊዜ አምጣው» ብቻ አሉኝ።

መኪናው እስኪመጣ ከእንድሪስ ጋር መንገድ ዳር ተቀመጥኩ። ሹም ባልሆንም እንግዳዬ ነው። ቦርሳውን ሲያስተካክል አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ትንሽ ያዘው።

«መስከረም ላይ በዚህ ሳልፍ የመኪናችን ጎማ ፈነዳ» አለ። «እስኪጠገን ሦስት ሰዓት ያህል እሜዳችሁ ውስጥ ገብቼ ለክቼ ነበር። ማንም አላየኝም፣ ለማንም አልነገርኩም፤ ጊዜም አልነበረኝም። አሁን የመጣሁት ያን ለማረጋገጥ ብቻ ነበር። ከእንግዲህ ለመሥሪያ ቤቱ አያገለግልም፤ ከፈለጉ እርስዎ ያስቀሩት።»

መኪናው መጣ፣ ተጨባበጥን፣ ወደ ቢቸና ሄደ።

ወረቀቱን እቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ዘረጋሁት። ዳዊት ደግሜአለሁ፤ የሰው እጅ ጽሕፈት አያስቸግረኝም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሺእመቤት ከጓዳ ወጥታ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች አጠገቤ ቆመች።

«ምን ይላል?»

«የባዝራ ሜዳ ይላል። ዛፍ በሄክታር አርባ አራት ገደማ። ሣሩ በጣም ጥሩ። ጤንነቱ ሙሉ። በአውራጃው ካየኋቸው ሁሉ የተሻለ።»

«ሌላስ?»

«ከታች አንድ መሥመር አለ» አልኳት። «መደረግ ያለበት ነገር ይልና፣ ፊት ለፊቱ፣ ምንም ይላል።»